የማይከፈት ዕቃ

የእህቴ ልጅ አንድ ሐሙስ ማታ አምፕሊፋየሩን እንደ ፋሲካ በግ ትከሻው ላይ አድርጎ ከች አለላችሁ። በግ ቢሆን ኖሮ እንኳን ይጮህ ነበር።

«ጋሼ፣ ዝም አለ» አለኝ በር ላይ እንደቆመ።

«ማን ነው ዝም ያለው?»

«አምፑ ነዋ! መብራቱ ይበራል፣ ድምፅ ግን የለም።»

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል። የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻውን ሲመቱት ድምፁ የትንኝ ያህል ነው። ከጊታሩ የምትወጣዋን ኢምንት ኤሌክትሪክ ተቀብሎ፣ ቃናዋን አስተካክሎ፣ አሳድጎ፣ ስፒከር እስክትነቀንቅ ድረስ ጉልበት የሚሰጣት አምፕሊፋየሩ ነው። ያለ እሱ ጊታሪስት ማለት ማይክ የተቀማ ሰባኪ ማለት ነው፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማው ግን የለም።

ልጁ ደግሞ ለጊዜ ማሳለፊያ አይደለም የሚጫወተው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ አንድ ሆቴል ውስጥ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይሠራል። የቤት ኪራይ የሚከፍለው፣ ለእናቱ መድኃኒት የሚገዛው በዚያች ነው። በዚህ ሥራ ጊታሪስት የሚቀጠረው ከነአምፑ ነው። ከሌለህ ትከራያለህ፤ ከተከራየህ የማታው ክፍያ ግማሹ እዚያው ይቀራል። ካልተከራየህስ? ካልተከራየህማ ኪቦርድ የሚባል ጉድ አለ። አንድ ሰው ብቻውን ከበሮውንም፣ ቤዙንም፣ ጊታሩንም፣ ማሲንቆውንም በጣቱ እየጠቀሰ ያዘንበዋል። ለሆቴሉ ባለቤት አንድ እራት፣ አንድ ክፍያ!

እናላችሁ፣ በዚያች ሐሙስ ማታ ሳሎኔ መሐል የተቀመጠው ጥቁር ሣጥን ብቻ አልነበረም። የአንድ ወጣት እንጀራ ነበር።

የጥፋቱ ግማሽ የእኔ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ዋሽንግተን ያለችው ታናሽ እህቴ «ለልጁ ምን ይዤለት ልምጣ?» ብላ ስትጠይቅ፣ መራጩ እኔ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ በቀበሌያችን ኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር እመታ ስለነበር፣ በቤተሰባችን ገመድ ያለው ዕቃ ሁሉ ጉዳዩ ወደ እኔ ነው የሚመራው። «ቀለል ያለ፣ ብዙ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ» አልኳት በሙሉ ልብ። ተገኘ። የብዙ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ በዲጂታል አስመስሎ የሚያወጣ፣ ከሻንጣዋ 23 ኪሎ ውስጥ ግማሹን ብቻ የሚበላ። በሕፃን ልብስ ተጠቅልሎ፣ ከቫይታሚን ጋር ጎን ለጎን ተኝቶ ቦሌ ገባ። የዋስትና ወረቀትም ነበረው። ወረቀቱን እንደ ቤት ካርታ በክብር አስቀመጥነው።

አሜሪካኖች 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ናቸው፤ እኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነን። ስለዚህ ከመርካቶ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ገዛን። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር፣ ያ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም። ዕቃው ውስጥ ያለው፣ ለ60 ኸርዝ ተሰልቶ የተጠቀለለው ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። አንዳንዱ ይችለዋል፣ አንዳንዱ ቀስ እያለ ይጎዳል። የእኛው ግን ሁለት ዓመት ተኩል በሰላም ሠራ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ልምምድ ላይ እያሉ መብራት ሄደ። ሄዶ ቢቀር ደግ ነበር፤ መጣ። ሲመጣ ደግሞ ጠጥቶ እንደገባ አባወራ በሩን በርግዶ ነው የመጣው። አምፖሎቹ ቦግ አሉ፣ አምፑ «ጧ» አለ፣ ከዚያ ወዲህ ትንፍሽ አላለም።

ዓርብ ጠዋት ፍለጋ ወጣን። መጀመሪያ የገባንበት ሱቅ ውስጥ ያለው ጎረምሳ ሞባይል፣ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ይጠግናል። ቀልጣፋ ነው። ብሎኖቹን ፈትቶ ውስጡን አንዴ አየና መልሶ ከደነው።

«ቦርዱ ይቀየራል።»

«ቦርድ አለህ?»

«የለኝም።»

«የት ይገኛል?»

«አይገኝም።»

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«አዲስ ግዙ!»

ይቺ «አዲስ ግዙ» የምትባል ምክር እንዴት እንደምታናድድ! የታመመ ልጅህን ሐኪም ቤት ወስደህ «ሌላ ውለድ» እንደመባል እኮ ነው። በዚያ ላይ «አዲስ» የሚባለው ነገር የት ነው ያለው? ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ ይመራ ተብሎ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ውስጥ ከመቶ ዘሏል። ድሮ በሁለት ወር ደሞዝ የሚገዛ የሙዚቃ ዕቃ አሁን ዋጋው ሲነገርህ ወንበር ያስፈልግሃል።

ሁለተኛው ጠጋኝ ጨዋ ሰው ነው። «ተዉልኝ፣ ልሞክር» አለ። ተውንለት። ከሳምንት በኋላ ስንሄድ አምፑ እንደበፊቱ ዝም ብሏል፤ ዐሥር ብሎን ይዞ ገብቶ በሰባት ወጣ። በዚያች ሳምንት ልጁ ሁለቱንም ማታ ተከራይቶ ሠራ። በሁለተኛው ሳምንት የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ጠራውና፣ ዓርብን ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ «ለጊዜው» እንደሚሸፍን ነገረው። «ለጊዜው» የምትባለውን ቃል በዚህ አገር የሚያውቅ ያውቃታል።

በመሐሉ እኔ ለአምራቹ ኩባንያ ጻፍኩ። ስሙን አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ጻድቃን ይመስሏችኋል። መጀመሪያ ማሽን መለሰልኝ። «ስለጻፉልን እናመሰግናለን» አለና ረጅም ቁጥር ሰጠኝ። በ11ኛው ቀን ሰው የሚመስል መልስ መጣ። ዕቃው ሶኬት ላይ መሰካቱን፣ ድምፁም ከፍ መደረጉን እንዳረጋግጥ በትሕትና ጠየቀኝ። አረጋገጥኩ። «እንግዲያው ዕቃውን በአቅራቢያዎ ወዳለው ሕጋዊ የጥገና ማዕከላችን ይውሰዱ» ተባልኩ፤ ዝርዝሩም ተላከልኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ «በአቅራቢያዬ» ያለው ባሕር ተሻግሮ ነው።

ዋስትናውን ጠየቅኩ። የሚሠራው ዕቃው በተገዛበት አገር ብቻ ነው፣ ጊዜውም አልፏል። «እሺ፣ የውስጡን ንድፍ፣ ዳያግራሙን ላኩልኝና እዚሁ አስጠግነዋለሁ» አልኩ። «ለደህንነትዎ ሲባል ለግለሰብ አንሰጥም።» «እሺ፣ ቦርዱን ሽጡልኝ።» «ይህ ሞዴል ከምርት ወጥቷል፣ መለዋወጫ የለውም።» ሦስት ዓመት! በእኛ ቤት እኮ ሦስት ዓመት የሆነው ዕቃ ገና ፕላስቲኩ አልተላጠለትም። በመጨረሻ የተላከልኝ መልእክት፣ ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ከአምስት ኮከብ ስንት እንደምሰጥ የሚጠይቅ ነበር።

እውነቱን ለመናገር የእነሱም ወገን ምክንያት አለው። አምፕሊፋየር ቀልድ አይደለም። በተለይ የድሮዎቹ፣ ቫልቭ የሚባለው አምፖል መሳይ ጠርሙስ ያላቸው፣ ውስጣቸው ከ400 ቮልት በላይ ይዘዋወራል። ከሶኬት ተነቅለው እንኳን ካፓሲተሮቻቸው ያንን ኃይል ለተወሰነ ጊዜ ይይዙታል። በባዶ እጁ የገባ ሰው ላይወጣ ይችላል። ንድፉን ብንሰጥ ይቀዱናል የሚል ስጋትም አለ። ደግሞም በእነሱ አገር የጠጋኝ ሰዓት ውድ፣ የፋብሪካ ዕቃ ርካሽ ነው። መጣል ከመጠገን ይቀላል። የእኛ ሒሳብ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ እኛ ዘንድ የሰው ሰዓት ርካሽ፣ ዕቃው ውድ ነው። ለእነሱ ሒሳብ የተሠራ ዕቃ እኛ ቤት ሲገባ ነው ችግሩ።

የሚገርመው ግን ይህ ሥራ የተወለደው ከማን እጅ ነው? ከጠጋኝ እጅ! ሊዮ ፌንደር፣ ስሙ በዓለም ጊታሮች ራስ ላይ የተጻፈው ሰውዬ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ካሊፎርኒያ፣ ፉለርተን ከተማ ውስጥ የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ሙዚቀኞች የተበላሸ ዕቃቸውን እያመጡ፣ እሱም እየከፈተ፣ የት እንደሚበላሽ እያየ ነው አምፕሊፋየር መሥራት የጀመረው። እንግሊዛዊው ጂም ማርሻልም እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር ሲያወጣ፣ ከሱቁ ጠጋኝና ከሌላ ወጣት ቴክኒሻን ጋር ሆኖ፣ የፌንደርን የቤዝ አምፕሊፋየር መነሻ አድርጎ ነው የሠራው። ቢከፈት፣ ቢታይ፣ ቢጠና አይደል ሁለተኛው የተገኘው? የዚያን ዘመን የፌንደር ሣጥኖች ከጀርባ ሲታዩ፣ የትኛው ቫልቭ የት እንደሚገባ የሚናገር ወረቀት ውስጣቸው ተለጥፎ ነበር። «አንድ ቀን አንድ ሰው ይከፍተኛል» ብሎ የሚጠብቅ ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ወደ ፍለጋችን ልመልሳችሁ። ያኔ ነው ሙዚቀኞች «ሐኪሙ» የሚሏቸው ሽማግሌ ትዝ ያሉኝ። ዋሊያስ ሒልተን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ ማታ የተቃጠለ አምፕ ጠዋት የሚገኘው እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ነው። ፒያሳ ሁለት በሁለት የሆነች ሱቅ ነበረቻቸው። ከደጃፏ ጀምሮ ሬሳ ነው፤ ሆዱ የተከፈተ ቴፕ፣ አንገቱ የተቆረጠ ማይክ፣ ወረቀቱ የተቀደደ ስፒከር። በመሐላቸው እሳቸው ካቻቢቴያቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ይቀመጣሉ።

ፒያሳ ሄድኩ። ሄድኩ እላለሁ እንጂ የደረስኩት ሰፊ አዲስ መንገድ ላይ ነው። በ2016 ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ የእሳቸውም ሱቅ አብራ ሄዳለች። ማንን ልጠይቅ? ፀጉር አስተካካዩም የለ፣ ሻይ ቤቱም የለ። ሰው ሲበተን አንዱ አድራሻ የሌላው አድራሻ ቁልፍ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስልክ በስልክ እየተቀጣጠልኩ፣ በስንት ቀኔ አንድ የድሮ የኪነት ባልደረባዬ ጋ አገኘኋቸው። ከተማ ዳር፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም።

ልጁ አምፑን ተሸክሞ፣ እኔ ራሴን ተሸክሜ ወጣን።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፉና አዩኝ። «አንተ! አለህ እንዴ?» ተሳሳምን። ገና ቁጭ ሳንል «ያ ትልቁ አምፕህስ የት ደረሰ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ኃጢአት ልናዘዝላችሁ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ የሆቴል ባንድ ሲበተን የገዛሁት ባለቫልቭ አምፕሊፋየር ነበረኝ። ክብደቱ የጤፍ ኩንታል፣ ድምፁ የማር እንጀራ። ሦስት ጊዜ ተበላሽቶ ሦስቱንም ጊዜ የጠገኑት እኚሁ ሰው ናቸው። በአራተኛው ጊዜ እኔ ሰነፍኩ። ጊታሩንም ትቼው ነበር፣ ቤቱም ጠበበ፣ ዓመታት ኮሪደር ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆመ። አንድ ቀን ሠፈራችን «ልዋጭ!» የሚል ልጅ መጣ። ሁለት የፕላስቲክ ሳፋና አንድ ባልዲ ሰጥቶ ወሰደው። ሳፋዎቹ ቆንጆ ነበሩ፤ በዓመቱ ተሰነጠቁ።

«አለ ጋሼ፣ ቤት ነው» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። «ቤት ቢኖርማ ልጁ ይህንን ተሸክሞ አይመጣም ነበር» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። በዚህ ዕድሜዬ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ።

መኝታ ቤታቸውን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሱቅ አድርገውታል። ጠረጴዛው የኮምፔንሳቶ ጣውላ ነው። ከሥሩ በካርቶን የታጨቁ፣ ጠርዛቸው የቡና ቀለም ያወጣ ዳያግራሞች አሉ። አንዳንዱ ከዕቃው ጋር የመጣ ነው፣ አንዳንዱን እሳቸው በእርሳስ የሣሉት። አንዱን አውጥተው ለልጁ አሳዩት።

«ይህንን ማንበብ ትችላለህ?»

«አልችልም አባባ።»

«ፊደል ነው እኮ! እይ፣ ይቺ ሬዚስተር ናት። ቀለበቶቿን ተመልከት፤ ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቀይ። ቡኒ አንድ፣ ጥቁር ዜሮ፣ ቀይ ሁለት ዜሮ ይጨምራል። አንድ ሺህ ኦም። ስሟንም፣ መጠኗንም አንገቷ ላይ ይዛ ነው የምትዞረው። ብትሞት ማን እንደሆነች ታውቃለህ፤ አምሳያዋን ገዝተህ በቦታዋ ትተካለህ። ዕቃ ማለት እንዲህ ነው።»

ከዚያ የእኛን አምፕ ከፈቱ። መብራት አስጠጉ። ማጉያ መነጽር ጨመሩ። ብዙ ቆዩና ልጁን ጠሩት። «ይህን አየኸው?» ከትልቁ የብረት ማቀዝቀዣ ጋር የታሰረ፣ ብዙ እግር ያለው ጥቁር ነገር ነው። ጀርባው ላይ ቁጥር መኖር ነበረበት። የለም። ተፍቋል። በጊዜ ብዛት የጠፋ አይደለም፤ ፋብሪካው ውስጥ ሆን ተብሎ በማሽን የተፋቀ ነው።

«ለምን ይፍቁታል?» አለ ልጁ።

«ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ነዋ! እኔ ስንት የሞተ ዕቃ አስነስቻለሁ። ስሙ የተፋቀ ሟች ግን በየትኛው ስም ልጥራው?»

እኔ በበኩሌ ተስፋ ቆረጥኩ። እሳቸው ግን አልቆረጡም። ጊታሩን አሰኩት፤ ከዚያ አሮጌ የጆሮ ማዳመጫ አምጥተው የአምፑ የማዳመጫ ቀዳዳ ላይ ሰኩና ልጁ ጆሮ ላይ አደረጉለት። «ምታው!» መታው። ዓይኑ በራ።

«ይሰማል! ጋሼ፣ ይሰማል!»

«ጉሮሮው ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው። «ሳንባው ነው የሞተው።» ነገሩ እንዲህ ነው። የአምፕሊፋየር ሆድ በሁለት ይከፈላል። የፊተኛው ክፍል ቃናውን ያዘጋጃል፣ የኋለኛው ደግሞ ስፒከሩን የሚገፋውን ጉልበት ይሰጣል። በዚህኛው ዕቃ ማዳመጫው የሚቀዳው ከፊተኛው ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ዲጂታል ጥበብ በሕይወት አለ፤ መብራቱ በርግዶ ሲገባ የተቃጠለው ስሙ የተፋቀው የጉልበት ክፍል ብቻ ነው። ይህንን ለማወቅ ያስፈለገው አንድ አሮጌ ማዳመጫና የሚያስብ ጭንቅላት ነበር። በስተፊት ያየናቸው ሁለቱ ጠጋኞች ሰነፎች ስለሆኑ አይመስለኝም ያላገኙት። ዕቃ ከፍቶ የሚያሳያቸው ሰው አልነበራቸውም።

«ስሙን ካላወቅን በሌላ እንተካዋለና!» አሉ። ትራንስፎርመሩ የሚሰጠውን ቮልት በቴስተር ለኩና የሚችለውን ዓይነት በወረቀት ላይ ጻፉልን። መርካቶ ላኩን። ሲልኩንም አስጠነቀቁን። «ኦርጅናል ነው የሚሏችሁን አትመኑ። የውሸቱ ከላይ ከእውነተኛው አይለይም፤ ውስጡ ያለችው ቁራጭ ግን ትንሽ ናት። ዝቅ አድርገህ ስትሠራበት ደህና ይመስላል፣ ድምፅ ከፍ ስታደርግ ይፈነዳል። አዲሱን ከሱቅ ከምትገዙ፣ አሮጌውን ከምን አለሽ ተራ አምጡልኝ። አሮጌው ቢያንስ ሠርቶ ያውቃል።»

ምን አለሽ ተራን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ካለ ሄዶ ይያት። ሌላው የጣለው ሁሉ እንደገና ስም የሚያገኝባት ቦታ ናት። የተጣመመ ቆርቆሮ ይቀናል፣ ጣሳ ምጣድ ይሆናል። ከአንድ የተሰባበረ የቤት ስፒከር ሆድ ውስጥ፣ ቁጥሩ ፍንትው ብሎ የሚነበብ የጉልበት ቦርድ አገኘን። የከፈልነው ዋጋ ከታክሲያችን ብዙም አይበልጥም። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ አንድ ነገር ሲፈልግ ያዝኩት። በሁለት ሳፋና በአንድ ባልዲ የሸጥኩትን። እንዴት ሊገኝ ይችላል? ግን ፈለግኩ።

ሽማግሌው ለሁለት ቀን ሠሩበት። ልጁም ሁለቱንም ቀን ከጎናቸው አልጠፋም። በሁለተኛው ቀን ማታ ያቺ አራተኛ ፎቅ ክፍል ውስጥ ጊታር ጮኸ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወለሉን በእግሩ ደበደበ። ልጁ ድምፁ ከድሮው በጥቂቱ እንደሚለይ ነገረኝ፤ ከፍ ሲል ትንሽ ይሻክራል። የጠየቁኝ ገንዘብ የሦስት ማታ ኪራይ አይሞላም ነበር። ጨምሬ ስሰጥ ተቆጡኝ።

ቡና ተፈላና ጨዋታ ጀመርን። «ጋሼ፣ ይህን ሙያ ለማን ነው የሚያወርሱት?» አልኳቸው።

«ማን ይማረዋል?» አሉ። «እኔ የተማርኩት ዳያግራም ከፍቼ፣ ዕቃ ከፍቼ ነው። አሁን የሚመጣው ልጅ ምን ይከፍታል? ዳያግራሙ ምስጢር፣ ቁጥሩ የተፋቀ፣ መለዋወጫው የለ። ‹ቦርዱ ይቀየር› ማለት ሙያ አይደለም። ልጆቹ አልሰነፉም፤ መማሪያውን ነው የቆለፉባቸው።»

እኔ እስከዚያች ቀን ድረስ ኩባንያው የነፈገኝ አንድ ወረቀትና አንድ ቦርድ ይመስለኝ ነበር። ለካ የነፈገን የሚቀጥለውን ጠጋኝ ነው። ዕቃ ሲበላሽ አንድ ዕቃ ነው የሚጠፋው፤ ዕቃ የማይከፈት ሲሆን ግን የሚከፍተው እጅ ይጠፋል። እሱ ከጠፋ በኋላ ዳያግራሙን በነፃ ቢልኩልን ማን ያነበዋል?

በሌላው ዓለም ነገሩ እያነጋገረ ነው። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የዲጂታል ኤሌክትሮኒክስ አምራቾች መለዋወጫና የጥገና መረጃ ለግል ጠጋኞችም እንዲሰጡ የሚያስገድድ ሕግ አጽድቃለች። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 የመጠገን መብትን የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው ዝርዝር ውስጥ የልብስ ማጠቢያ አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ ስልክ አለ። የጊታር አምፕሊፋየር የለም። ቢኖርስ? ሕጉ የሚጠብቀው እዚያ ያለውን ገዢ ነው። በሻንጣ የመጣ ዕቃ ባለቤት በየትኛው ሕግ ይከራከራል?

ይህን ስል ግን ሁሉንም በሩቅ ሰው ላይ እንዳላላክክ ያ ባለቫልቭ አምፕ ትዝ ይለኛል። እሱ ይከፈት ነበር። ቁጥሩም አልተፋቀም፣ ጠጋኙም በሕይወት ነበሩ፣ ሱቃቸውም በእግሬ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነበር። በሳፋ የለወጥኩት እኔ ነኝ። ለልጁም «ቀለል ያለ፣ ብዙ ድምፅ የሚያወጣ» ብዬ የመረጥኩት እኔ ነኝ። «ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል?» ብዬ አልጠየቅኩም። ዕቃ ስንገዛ ዋጋውን እንጠይቃለን፣ ቀለሙን እናማርጣለን፣ የዋስትና ወረቀቱን እንደ ካርታ እናስቀምጣለን። ይቺን አንዲት ጥያቄ ብንጨምር ምናለበት?

ልንወጣ ስንነሳ ሽማግሌው «ቆዩ» አሉ። አምፑን መልሰው ከፈቱት። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነጭ ወረቀት አወጡ። በሁለቱ ቀን ውስጥ መስመር በመስመር እየተከታተሉ በእርሳስ የሣሉት የአምፑ ዳያግራም ነው። ሙሉ አይደለም፤ ያልደረሱበት ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገዋል። የተካነውን ቦርድ ቁጥር ግን በትልቁ ጽፈዋል። ከሥሩ ቀን አለ። ማጣበቂያ ቀቡና የሣጥኑ የውስጥ ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

«ይህ ለምንድን ነው አባባ?» አለ ልጁ።

«ለሚቀጥለው ጠጋኝ።»

ልጁ ወደ ቅዳሜው ሥራ ተመልሷል። ዓርብ ግን አሁንም የኪቦርዱ ልጅ ነው፤ «ለጊዜው»። ሰኞና ማክሰኞ ሥራ ስለሌለው አራተኛ ፎቅ ይወጣል። ባለፈው ሳምንት ቤቴ መጥቶ የቆየ ራዲዮኔን ገልብጦ ያየው ጀመር።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«ይከፈት እንደሆነ እያየሁ ነው» አለኝ።